ጫት፣ ስለት እና ነፃ ፈቃድ፦ ክርስትናንና ሶሺዮሎጂን በአንድ ጠረጴዛ ለማወያየት

«ሰው የአካባቢው ውጤት ነው» እና «ሰው ነፃ ፈቃድ አለው» የሚሉት ሁለት አባባሎች ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ቀን ከአንድ ልጅ አፍ ይወጣሉ። የመጀመሪያውን ጠዋት በሶሺዮሎጂ (በማኅበረሰብ ጥናት) ፈተና ላይ ይጽፈዋል፤ ሁለተኛውን ማታ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በወጣቶች ኅብረት ይመሰክረዋል። ሁለቱን ፊት ለፊት አገናኝቶ ያሳየው ሰው ከሌለ ወይ አንዱን በልቡ ይጥላል፣ ወይ ሁለቱን በየኪሱ ለይቶ ይኖራል። ይህ መመሪያ ሁለቱን ዕይታዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን አስቀምጠው ማየት ለሚፈልጉ ተማሪዎች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና የኅብረት መሪዎች የተዘጋጀ ነው። ለብቻው ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪም በዚሁ ቅደም ተከተል ሊሠራበት ይችላል።

ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ከ12 ካለፈ ሦስት ሰዎች ይናገራሉ፣ ሌላው አድማጭ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ያዙ፤ ሙቀቱ ሳይበርድ መጀመር ሰውን ስለሚያደክም ከአሥር ሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ስጡ፤ ቁመቱን ለሁለት አጥፎ ግራውን ለሶሺዮሎጂ፣ ቀኙን ለክርስትና ይመድብ፤ አግድም በሁለት መስመር ከፍሎ ሦስት ረድፍ ያውጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ስታመጡ ቢያንስ አንዱ ሰማንያ አሐዱ ይሁን፤ ለዚህ ርዕስ በጣም አስፈላጊ የሆነው የመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ በ66ቱ ውስጥ የለምና።

በምንም ዓይነት «ነፃ ፈቃድ አለን ወይስ የለንም?» ብላችሁ አትጀምሩ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጥቅስ በጥቅስ ላይ ይወረወራል፣ ሁሉም ወደየቤተ እምነቱ ይሸሻል፣ ሶሺዮሎጂውም ተረስቶ ይቀራል። በቃላት ጀምሩ፣ ቀጥሎ አንድ የታወቀ ጉዳይ አንሡ፤ ሊቃውንቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ሦስት ቃላት፣ 20 ደቂቃ

የመጀመሪያው «ዓለማዊ» ነው። ሃይማኖትን መነሻ ያላደረገ ዕውቀትን በዚህ ቃል የምንጠራው ከሆነ ፍርዱን ሳንሰማ ሰጥተናል። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር «ዓለማዊ ሆነ» ማለት ከመንገድ ወጣ፣ ለሥጋው አደረ ማለት ነው። ሶሺዮሎጂ ግን ስለ እግዚአብሔር መኖርም አለመኖርም ሳይናገር የሚሠራ የጥናት ዘዴ ነው፤ ምእመናን የሆኑ ሶሺዮሎጂስቶችም ጥቂት አይደሉም። በወረቀቱ ላይ «ሶሺዮሎጂ» ወይም «ከሃይማኖት ውጭ ያለ ዕይታ» ብላችሁ ጻፉ። ትንሽ ነገር ቢመስልም የውይይቱን መንፈስ ይለውጠዋል።

ሁለተኛው «ፈቃድ» ነው። አማርኛችን በዚህ አንድ ቃል ብዙ ያሠራዋል። የንግድ ፈቃድ አለ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ አለ፣ «በፈቃዱ ሄደ» አለ። የመጀመሪያው ከውጭ የሚሰጥ ነው፣ የመጨረሻው ከውስጥ የሚነሣ ነው። ተወያዮች «ነፃ ፈቃድ» ሲሉ ግማሹ «የሚከለክለኝ የለም» ማለቱ ነው፣ ግማሹ ደግሞ «በጎውን መሻትም መፈጸምም እችላለሁ» ማለቱ ነው። ወደ መጨረሻ እንደምናየው የሁለቱ ዕይታዎች ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሰው የትኛውን እንደሚል በአንድ መስመር ይጻፍ።

ሦስተኛው «ዕድል» ነው። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚለው አባባል ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ ግን በሁለቱም ልብስ ይገባል። ከአንዱ ሰው አፍ «የአምላክ ፈቃድ» ተብሎ፣ ከሌላው «የማኅበረሰቡ ተጽዕኖ» ተብሎ ይወጣል፤ ሥሩ ሲታይ ግን ያው የአርባ ቀን ዕድል ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ዕድል አይለወጥም። ነነዌ ግን በሦስት ቀን ጾም ከተነገረባት ጥፋት ድናለች፤ በየዓመቱ የምንጾመውም ይህንኑ ነው። ሶሺዮሎጂም የሚያጠናው ሰዎች የሠሩትንና ሰዎች ሊያፈርሱት የሚችሉትን ሥርዓት ነው። ስለዚህ አንድ ተናጋሪ «ምንም ማድረግ አይቻልም» ብሎ ከደመደመ ከሁለቱም ዓምድ ወጥቷል ማለት ነው፤ አስታውሱትና ይመለስ።

ጉዳዩን መጻፍ፣ 15 ደቂቃ

ጉዳዩ ከአምስት መስመር አይብለጥ፣ ቅጽልም አይግባበት። «ሰነፍ»፣ «ምስኪን»፣ «የጠፋ» የሚሉ ቃላት መልሱን ቀድመው ይሰጣሉ። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

ዕድሜው 19 ነው፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ይኖራል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣለትም፤ ቋሚ ሥራ የለውም። ከቀትር በኋላ ጫት ከተማ ሲገባ ጓደኞቹ ይጠሩታል፤ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በርጫ (አብሮ ተቀምጦ መቃም) ላይ ነው። ለማቆም አራት ጊዜ ሞክሯል፤ በሦስተኛው ቀን ሐራራው (የጫት አምሮቱ) ሲነሣበት ተመልሷል። ከሰኞ ጀምሮ ድጋሚ ሊያቆም አስቧል።

ጫትን የመረጥነው ሰው ለመክሰስ አይደለም። ድሬና ሐረር ውስጥ ጫት ገበያ ነው፣ እንጀራ ነው፣ የወዳጅነት ሰዓት ነው፤ በጫት ገበያዋ በአወዳይ ስንት ቤተሰብ በእሱ ያድራል። የግል ምርጫና የማኅበረሰብ ሥርዓት እንዲህ የተጠላለፉበት ሌላ ጉዳይ በቀላሉ አይገኝም።

ከዚያ በሦስቱ ረድፎች ሦስት ጥያቄ ጻፉ። አንደኛ፣ ይህ ነገር እዚህ ቦታ ለምን በዛ? ሁለተኛ፣ ይህ ልጅ ከዚህ የተለየ ማድረግ ይችል ነበር? ሦስተኛ፣ ተጠያቂነቱ ምን ያህል ነው፣ እኛስ ምን እናድርግ? ሦስቱን መለየት የሥራው ግማሽ ነው። ክርክሩ የሚከረው አንዱ አንደኛውን ጥያቄ ሲመልስ ሌላው ሦስተኛውን እንደመለሰ አድርጎ ስለሚሰማው ነው።

የግራው ዓምድ

በ1835 እ.ኤ.አ. የቤልጅጉ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ የወንጀል ቁጥር በየዓመቱ ተቀራራቢ ሆኖ እንደሚደጋገም አሳየ። እያንዳንዱ ወንጀለኛ በራሱ ፈቃድ ከወሰነ ድምሩ ለምን ከዓመት ዓመት አይዋዥቅም? የዘመናዊው ክርክር አንዱ ምንጭ ይህ ጥያቄ ነው። ከሶሺዮሎጂ መሥራቾች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም በ1897 ራስን ማጥፋትን በዚሁ መንገድ አጠና፤ ከሁሉ ይልቅ የግል የሚመስለው ድርጊት መጠኑ ሰዎች ከማኅበረሰባቸው ጋር ባላቸው ትስስር እንደሚለያይ አሳየ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ዱርካይም ራሱ በ1895 ስለ ጥናት ዘዴ በጻፈው መጽሐፍ መደምደሚያ ላይ ሶሺዮሎጂ ነፃ ፈቃድን ማወጅም ሆነ መካድ አያስፈልገውም፣ የፈላስፎቹ ጠብ የእሱ ጉዳይ አይደለም ብሏል፤ የሚጠይቀው የምክንያትና የውጤት ሕግ በማኅበራዊ ነገሮችም ላይ እንዲሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሶሺዮሎጂ ነፃ ፈቃድን ይክዳል» የሚል ዐረፍተ ነገር በወረቀታችሁ ላይ ካገኛችሁ ሰርዙት። የሚክዱ ሶሺዮሎጂስቶች ይኖራሉ፤ የሙያው መነሻ ግን ይህ አይደለም። ካርል ማርክስም በ1852 ሰዎች ታሪካቸውን ራሳቸው ይሠራሉ፣ ግን ራሳቸው በመረጡት ሁኔታ ውስጥ አይደለም ሲል ሁለቱንም ጎን ይዟል። ጀርመናዊው ሶሺዮሎጂስት ማክስ ቬበር ደግሞ ድርጊት የሚገባን አድራጊው የሰጠውን ትርጉም ስንረዳ ነው ይላል፤ ያ ልጅ በርጫ ላይ የሚቀመጠው ለቅጠሉ ነው ወይስ ለወሬው? ሳይጠይቁት አይታወቅም።

ለሁለተኛው ረድፍ የሚጠቅመው የእንግሊዛዊቷ የማርጋሬት አርቸር ሐሳብ ነው። አርቸር የዓለም አቀፉ የሶሺዮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ስትሆን በእምነቷ ካቶሊክ ነበረች። እሷ እንደምትለው መዋቅር (ተሠርቶ ያገኘነው የማኅበረሰብ ሥርዓት) ከእኛ ይቀድማል፣ እኛ በውስጡ እንንቀሳቀሳለን፣ ከእንቅስቃሴያችን የተነሣም ይጸናል ወይም ይለወጣል። ይህን ለማስረዳት ከድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር የተሻለ ሥዕል የለም። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ የከዚራ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያኔ በመሐንዲስ ገመድ ተለክተው ወጡ። ዛሬ በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ የሚሄድ ልጅ አንዱንም መንገድ አልመረጠም፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ሲገባ የሚጠብቀውን ጠባብ መንገድም አልመረጠም። ወዴት እንደሚሄድ ግን ይመርጣል። ከሌሎች ጋር ሆኖም አዲስ መንገድ ሊያስወጣ ይችላል፤ ያ መንገድ ደግሞ ገና ላልተወለዱት ያልመረጡት መንገድ ይሆናል።

ይህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የሕዝብን ቁጥር በአንድ ሰው ላይ በመለጠፍ ነው። 100 ወጣት ባለበት ሰፈር 60ው ይቅማሉ ብለን እናስብ። ይህ ቁጥር ስለ ሰፈሩ ብዙ ይነግረናል፤ ከፊታችን የተቀመጠው ልጅ ከ60ው ይሁን ከ40ው ግን አይነግረንም፣ 40ዎቹ እንዴት እንደዳኑም አይነግረንም። አንድ ሰው «አካባቢው እንዲህ አደረገው» ሲል «ታዲያ ጎረቤቱን ለምን አላደረገውም?» ብላችሁ ጠይቁ። በተቃራኒው ደግሞ «ፈልጎ ነው» ለሚል ሰው የአሜሪካዊውን ሶሺዮሎጂስት የሲ. ራይት ሚልስን ማሳሰቢያ አንብቡለት፦ 100,000 ሰው ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ካጣ ጠባዩንና ችሎታውን እንመረምራለን፤ 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ካጡ ግን ነገሩ የጠባይ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። የድሮው ባቡር ሥራ ሲያቆም በድሬዳዋ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

የቀኙ ዓምድ

በዚህ በኩል የሚታየው ስሕተት ክርስትናን አንድ ድምፅ አድርጎ ማቅረብ ነው። ቢያንስ ሦስት ድምፅ ይግባ።

ከተዋሕዶ ትምህርት ጀምሩ። የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ አትሞትም። ማሰብ ባሕርይዋ ስለሆነ መምረጥ ከውጭ የተለጠፈባት ነገር አይደለም። ሲራክ 15፥14-17 እግዚአብሔር ሰውን ከጥንት ፈጥሮ ለራሱ ምክር እንደተወው፣ እሳትና ውኃንም አቅርቦ እጁን ወደ ወደደው እንዲዘረጋ እንደፈቀደለት ይናገራል። ዘዳግም 30፥19 ላይም ሕይወትና ሞት ፊቱ ተቀምጠው «ምረጥ» ይባላል። ነገር ግን የነፍስ አባት ንስሐ ሲቀበል ኃጢአቱ በድፍረት ነው ወይስ በስሕተት ብሎ ይጠይቃል፤ ቀኖናውንም እንደ ሰውዬው አቅም ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያን ሁሉንም በአንድ ሚዛን አትመዝንም ማለት ነው፤ ይህን ጻፉት።

ከሉተራውያን በኩል የ1530ው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ 18ኛ አንቀጽ አለ። የሰው ፈቃድ በዚህ ዓለም ጉዳይ፣ በውጫዊ ሥነ ሥርዓት፣ የተወሰነ ነፃነት አለው፤ ያለ መንፈስ ቅዱስ ግን በእግዚአብሔር ፊት የሚያጸድቅ ጽድቅን ሊሠራ አይችልም ይላል። መካነ ኢየሱስ የሚያድግ ወጣት ይህን ልዩነት ሰምቶት ሊሆን ይችላል። ከካቶሊክ በኩል በ1992 የወጣው ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1735 የድርጊት ተጠያቂነት በድንቁርና፣ በግዳጅ፣ በፍርሃት፣ በልማድና በሌሎች ሥነ ልቡናዊ ወይም ማኅበራዊ ምክንያቶች ሊቀንስ፣ ጭራሽም ሊጠፋ እንደሚችል ይናገራል። «ማኅበራዊ» የሚለው ቃል በዚያ መኖሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ቤተ ክርስቲያንና ሶሺዮሎጂ ዓይንና ናጫ ናቸው ብሎ ለመጣ ሰው ይህ አንድ መስመር ብዙ ይሠራል።

ጥቅስ ስትጠቅሱ ጎረቤቱን አትቁረጡ። ፊልጵስዩስ 2፥12 የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ ይላል፤ ቁጥር 13 መሻትንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላል። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ግማሽ ጳውሎስን ነው የያዘው። ዘጸአት 20፥5 የአባቶች ኃጢአት በልጆች ላይ እንደሚመጣ ይናገራል፤ ሕዝቅኤል 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። ሁለቱን አብራችሁ አንብቡና የመጀመሪያው የትኛውን ጥያቄ፣ ሁለተኛው የትኛውን እንደሚመልስ ጠይቁ። አንደኛውና ሦስተኛው ረድፍ ራሳቸው ከመጽሐፉ ይወጣሉ።

የአንደኛው ረድፍ ቀኝ ባዶ የሚቀር ከመሰላችሁ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥33ን አስገቡ፦ «ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል።» አባባሉ ከግሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ከሜናንደር የመጣ እንደሆነ ይታመናል፤ ሐዋርያው ከአሕዛብ ተውኔት ያገኘውን እውነት ለመጠቀም አልተሳቀቀም። እናቶቻችንም ከአህያ ጋር ስለዋለች ጊደር ሲተርቱ ያንኑ ብለዋል።

በትክክል የሚለያዩበት ቦታ

እስካሁን የተጻፈውን ስታዩ መስመሩ «ሶሺዮሎጂ እስራት፣ ክርስትና ነፃነት» ተብሎ እንዳልተሰመረ ትረዳላችሁ። ሉተር በ1525 ስለ ፈቃድ መታሰር መጽሐፍ ጻፈ፤ ቬበር ስለ አድራጊው ሐሳብ ሲጨነቅ ኖረ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፣ ለእሱም 25 ደቂቃ ይገባዋል።

ወደ ልጁ ተመለሱ። ማንም አላሰረውም፣ በሩ ክፍት ነው፣ ገንዘቡ በኪሱ ነው። ከሃይማኖት ውጭ ባለው የተለመደ አረዳድ ነፃነት የአማራጭ ብዛት ነው፤ መቃምም አለመቃምም ይችላልና ነፃ ነው። ግን አራት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም። ጳውሎስ በሮሜ 7፥19 የምወደውን በጎውን አላደርግም፣ የማልወደውን ክፉውን አደርጋለሁ ያለው ስለዚህ ነው። በክርስትና ነፃነት አማራጭ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ በጎውን መሻትና መፈጸም መቻል ነው፣ ለዚያም ጸጋ ያስፈልጋል። በዮሐንስ 8፥34 ጌታ ኃጢአት የሚያደርግ ሁሉ የኃጢአት ባሪያ ነው ሲል በሩ የተዘጋበት ሰው ማለቱ አይደለም። በዚህ መለኪያ ልጁ አማራጭ አለው፣ ነፃነቱ ግን ተጎድቷል። ሶሺዮሎጂ ስለ ጸጋ ሊናገር አይችልም፤ በመሣሪያው አይለካምና። አለ ብሎም፣ የለም ብሎም ቢናገር ከሙያው ወጥቷል። «ምን ማድረግ ይገባዋል?» ለሚለውም ቁጥር ብቻውን መልስ አይሆንም።

በዚሁ ቦታ ከግራ የሚመጣውን ከባድ ጥያቄ አትሽሹት፦ «አንተስ ክርስቲያን የሆንከው በአርባ ቀንህ ስለተጠመቅህ አይደለም? ጁገል፣ በሐረር ግንብ ውስጥ፣ ከሙስሊም ቤት ብትወለድስ?» እውነት አለው። የብዙዎቻችን እምነት መነሻ ቤታችን ነው። ነገር ግን አንድ እምነት ከየት እንደመጣ ማወቅ እውነት መሆን አለመሆኑን አይወስንም፤ አለዚያ የጠያቂው ጥርጣሬም ከግቢው የመጣ ነው ተብሎ በዚያው ይወድቅ ነበር። ተገቢው መልስ የወረስነውን በዐዋቂነታችን መርምረን መያዝ ነው፤ አርቸር ከራስ ጋር የሚደረግ ንግግር የምትለውም ይህንኑ ነው።

ሙስሊም ወዳጆች ከተገኙ፣ ድሬ ላይ መገኘታቸው አይቀርም፣ ስለ ቀደር (በእስልምና ስለ አላህ ውሳኔ የሚሰጠው ትምህርት) የክርስቲያን ዓምድ ውስጥ አትጻፉላቸው። ሦስተኛ ዓምድ ክፈቱና ራሳቸው ይሙሉት።

ጊዜ ከተረፈ በቁልቢ ስለት ድገሙት። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ላይ የሚፈሰውን ሕዝብ ዱርካይም ቢያይ በ1912 የጻፈውን የጋራ ግለት ያስታውስ ነበር፤ ብቻውን ቢሆን የማይሳል ሰው በሕዝብ መካከል ይሳላል። ዘዳግም 23፥22 ግን ሳትሳል ብትቀር ኃጢአት የለብህም ይላል፤ ስለት ካልተገደደ አፍ የሚወጣ ነው። እናቱ የተሳለችለት ልጅ ጃንጥላውን ይዞ ሲሄድ የማንን ፈቃድ ይፈጽማል? ዘኁልቁ 30ን አንብቡ፤ በአባቷ ቤት ያለች ልጅ የተሳለችውን አባቷ በሰማበት ቀን ሊሽረው እንደሚችል ተጽፏል። ቤተሰብ በፈቃድ ላይ ያለውን ኃይል ሕጉ ያውቀዋል።

የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ለሰኞ ስጡ። ከግራው ዓምድ አንድ፣ ከቀኙ አንድ ተግባር ይውጣ። ከግራው፦ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ያሉት አራት ሰዓታት በምን ይሞላሉ፣ ከማን ጋር፣ የት? «ጓደኞችህን ተው» ማለት ብቻውን አይሠራም፤ ባዶ ሰዓት በሦስተኛው ቀን ወደ በርጫው ይመልሰዋል። የኳስ ቡድን፣ የሙያ ሥልጠና፣ የአጎት ሱቅ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ ግን ያው ይሁን። ከቀኙ፦ ማን አብሮት ይጸልያል፣ ለየትኛው የነፍስ አባት ወይም መጋቢ ይናገራል፣ ቢወድቅ ማን ሳይፈርድበት ይቀበለዋል? ስም፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ሦስተኛው ቀን ረቡዕ ነው፤ ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ ማን ደጁ እንደሚደርስ ሳይወሰን ወረቀቱን አትጠፉት።